መጀመሪያ የበሩን ዋጋ ቁረጡ

ባንድ ላቋቋማችሁ፣ ወይም ጊታርና ድራም ተዋውሳችሁ በየጓዳው ለምትለማመዱ ልጆች፦

ባንድ ሲፈርስ «በሙዚቃ አልተግባቡም» ይባላል። ጠጋ ብላችሁ ብታዩ መሠረቱ ብዙ ጊዜ ሒሳብ ነው፤ ነዳጁን ማን ቻለ፣ ዜማው የማን ነው፣ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ እጃችን ላይ ለምን ሳንቲም አልቀረም። ስለዚህ ከድምፅ በፊት ስለ ገንዘብ ላንሣ። ምሳሌዬ ፉጋዚ የተባለው የዋሽንግተን ዲሲ ባንድ ነው፤ ከፐንክ ጩኸት ተነሥቶ ዝግታን፣ ዝምታንና ሬጌ ቀመስ ቤዝን ያስገባ፣ ፖስት ሃርድኮር የተባለው ከፐንክ የወጣ የሮክ ዘይቤ ሲነሣ ስሙ ከፊት የሚጠራ።

መጀመሪያ መድረክ የወጡት በፈረንጆቹ 1987 ሴፕቴምበር 3 እዚያው ዲሲ፣ ዊልሰን ሴንተር ነው። የመጨረሻው 2002 ኖቬምበር 4 ለንደን ላይ ሆነ። በመሀሉ 50ውንም የአሜሪካ ግዛቶች አዳርሰው ከ1,000 በላይ ኮንሰርት ሠርተዋል። ኢያን ማካይ፣ ጋይ ፒቺዮቶ፣ ጆ ላሊ፣ ብሬንዳን ካንቲ፤ ፒቺዮቶ ትንሽ ዘግይቶ ከመቀላቀሉ በቀር እስከ መጨረሻው ሰው አልቀየሩም። ተሰጥኦ ብቻ ይህን ያህል ዕድሜ አይሰጥም። መግቢያ 5 ዶላር ይሁን ብለው አስቀድመው ቆረጡ፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ ወረደ።

ብዙ ባንድ ወጪውን ይደምርና ትኬቱን እላዩ ላይ ይሰቅላል። እነሱ ትኬቱን ቸነከሩና ወጪው እንዲወርድ አስገደዱ። እንበልና 600 ሰው በ5 ዶላር ገባ፤ 3,000 ዶላር ነው። ለአዳራሽ 700፣ ለድምፅ መሣሪያና ለሳውንድማን 500፣ ለከፋቹ ባንድ 300፣ ለበር ጠባቂና ለማስታወቂያ ወረቀት 200 አውጡ። 1,300 ቀረ። በዚህ ገንዘብ ስድስት ሰው ሆቴል አሳድራችሁ ትልቅ አውቶቡስ ብትከራዩ ጠዋት ባዶ ናችሁ። በቫን ተጨናንቃችሁ ሄዳችሁ ሰው ቤት ወለል ላይ ብትተኙ ግን ይተርፋል። ፉጋዚዎች ማኔጀር አልነበራቸውም፤ ኮንሰርቱን የሚይዘው ማካይ ራሱ ስልክ እየደወለ ነበር። የማኔጀር ድርሻ አለመኖሩ ብቻውን ስንት የነዳጅ ሒሳብ እንደሚዘጋ አስሉት።

ችግሩ የሚመጣው ከአዳራሹ ባለቤት ነው። አሜሪካ ውስጥ 21 ዓመት ያልሞላው አልኮል አይሸጥለትም፤ የክለብ ትርፍ ደግሞ ከመጠጥ እንጂ ከበር አይደለም። እንደ ፉጋዚዎች «የትኛውም ዕድሜ ይግባ» ስትሉት ባለቤቱ የሚታየው ባዶ ባር ነው፤ ስለዚህ ወይ ኪራይ ይጨምራል ወይ እምቢ ይላል። ለዚህ ነው የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ የትምህርት ቤት ጂም፣ የማኅበረሰብ ማዕከል ሲፈልጉ የኖሩት። ሌላም መውጫ አለ። ማካይ ገና ልጅ ሳለ፣ በ1980፣ ቲን አይድልስ የተባለው ባንዱ ካሊፎርኒያ ሄዶ አንድ ክለብ ልጆቹን እጃቸው ላይ በማርከር ኤክስ ምልክት አድርጎ አስገባቸው፤ ባሩ ምልክቱን ሲያይ አይሸጥም። ሐሳቡን ይዘው ተመልሰው ዲሲ ናይን ሰርቲ ክለብን አሳመኑበት። (ዲሲ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ክለቡ በ1996 ከኤፍ ስትሪት ተነሥቶ የገባው የሐበሻ ምግብ ቤቶች ወደተደረደሩበት ወደ ዩ ስትሪትና 9ኛ መንገድ አካባቢ ነው። ክትፎ በልታችሁ በእግር ትደርሳላችሁ።)

ስትዋዋሉም «5 ዶላር» ብቻ አትበሉ። በሩ ላይ የቆመው ሰው ከኪሱ የሚያወጣው ጠቅላላ 5 ዶላር ነው በሉ። አለበለዚያ «የአገልግሎት» የሚባል 2 ዶላር ከኋላ ይለጠፍና እናንተ ሳታውቁ ዋጋው 7 ይሆናል፤ የሚታማው ግን ባንዱ ነው።

ቲሸርት አለመሸጣቸው በጣም ይወራል። ይህን አትኩረጁ። ሸክላቸውና ሲዲያቸው በብዛት ይሸጥ ስለነበር ቻሉት፤ የእናንተ ካልተሸጠ ቲሸርቱ የነዳጅ ገንዘባችሁ ነው። ደግሞም እነሱ ባይሠሩ ሌላው «ይህ የፉጋዚ ቲሸርት አይደለም» የሚል ጽፎ ሸጦበታል።

የራሳችሁን ሸክላ ለማሳተም የምታስቡ የፉጋዚን ሸክላዎች ያሳተመውን የዲስኮርድን አጀማመር ተመልከቱ። ቲን አይድልስ ሲበተኑ ከኮንሰርት ያጠራቀሙት 600 ዶላር ገደማ ነበር። ከመከፋፈል ይልቅ በ1980 በዚያው ገንዘብ ባለ 7 ኢንች ሸክላ 1,000 ቅጂ አሳተሙ፤ ዲስኮርድ ሬከርድስም በዚሁ ተወለደ። ለሽፋን ማሠሪያ ገንዘብ ስላልነበረ ከእንግሊዝ የመጣ የአንድ ሸክላ ሽፋን ፈትተው ዘርግተው ቅርጹን ገለበጡ፤ አሳትመው እያንዳንዱን በመቀስ ቆርጠው፣ አጥፈው፣ በሙጫ አጣበቁ። ዛሬም ይሠራል። ሸክላው 17.8 ሴንቲሜትር ገደማ ስለሆነ ለውስጡ ቢያንስ ግማሽ ሴንቲሜትር ትርፍ ተዉ፤ ካልተዋችሁ ሲገባ ጠርዙ ሽፋኑን ይቀድዳል። ሙጫውን ከመታጠፊያው ጫፍ ትንሽ ገባ አድርጋችሁ በስሱ ቀቡ፤ ከበዛ ወደ ውስጥ ይፈስስና ሸክላው ላይ ይለጠፋል። ክብደት ጭናችሁበት ይደር እንጂ እርጥቡን ሸክላ አታስገቡበት። 1,000 ሽፋን ለአራት ሰው የአንድ ቀን ሥራ አይደለም፤ የምረቃውን ቀን ሙጫው ሳይደርቅ አትቁረጡ።

ስቱዲዮ ላይ ብዙ አልልም። አብዛኛውን ሥራቸውን የቀዱት ቨርጂኒያ አርሊንግተን በነበረው በዶን ዚንታራ ኢነር ኢር ስቱዲዮ ነው፤ ቤታቸው ቅርብ ነበር፣ ሰውየው ያውቃቸው ነበር። ሁለት ነገር ግን ያዙ። «ስቴዲ ዳየት ኦቭ ነቲንግ» የተባለውን የ1991 አልበም ሲሠሩ ፕሮዲውሰራቸው ቴድ ናይስሊ የምግብ ሙያ ትምህርት ገብቶ ስለነበር ራሳቸው ሚክስ አደረጉት (የተቀዱትን ድምፆች አቀላቀሉት)፤ ድምፁ ሳሳ። አራት ሰው ሚክሰር ላይ ሲቀመጥ እያንዳንዱ የራሱን መሣሪያ እንጂ ዘፈኑን አይሰማም፤ አምስተኛ ጆሮ ያስፈልጋል። ቀጥሎ ቺካጎ ሄደው ከስቲቭ አልቢኒ ጋር ቀዱ። ስም ያለው ሰው፣ ጥሩ መሣሪያ፤ ግን ውጤቱ እነሱንም እሱንም አላረካም። ጣሉት፤ ኢነር ኢር ተመልሰው ከናይስሊ ጋር እንደገና ቀዱት፤ በ1993 «ኢን ኦን ዘ ኪል ቴከር» ሆኖ ወጣ። መጣል የቻሉት ቀብድ ስላልበሉ ነው። የአሳታሚ ገንዘብ ቢሆን ኖሮ የተቀዳው ይወጣ ነበር።

መድረክ ላይ የዘፈን ዝርዝር አልነበራቸውም። አንዱ ይጀምራል፣ ሌሎቹ ይከተላሉ። ይህን የሚሞክር ባንድ መጀመሪያ የሚሰናከለው በዘፈኑ ጅራት ነው፤ ሁሉም አጀማመሩን ያጠናል፣ አጨራረሱን ግን ይገምታል። ልምምድ ላይ የእያንዳንዱን ዘፈን የመጨረሻ 8 ባር (የምት ክፍል) ብቻ ወስዳችሁ ሳታቆሙ ከሌላው መግቢያ ጋር አገጣጥሙ፤ 10 ዘፈን ካላችሁ 90 ማገጣጠሚያ ይወጣዋል። ድራመሩ ዘፈኑን ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ኖታ መለየት አለበት። ሁለት ዘፈን በአንድ ኖታ የሚጀምር ከሆነ የአንዱን መግቢያ ለውጡት፤ አለበለዚያ አንድ ቀን ግማሹ ባንድ ይህን፣ ግማሹ ያንን ሲጫወት ሕዝብ ፊት ትገኛላችሁ። ጊታርን በልዩ ቅኝት የሚፈልግ ዘፈን ካለ ሁለተኛ ጊታር ተቃኝቶ ይቁም።

ሰው ሲገፋፋና ሲረጋገጥ ዘፈኑን በመሀል ያቆሙ ነበር። አልሰማ ያለውን በፖስታ 5 ዶላሩን መልሰው ያስወጡታል። ፖስታው አስቀድሞ መዘጋጀቱን ልብ በሉ፤ በዚያ ሰዓት ገንዘብ ፍለጋ በር ድረስ መሮጥ ጠቡን ያባብሳል። ትኬት ውድ ቢሆን ይህ አይሞከርም፤ 5 ዶላር ስለሆነ ክርክር የለውም።

ከሁሉ የምወድላቸው ካሴቶቹን ነው። ሳውንድማኖቻቸው ኮንሰርቱን ከዓመት ዓመት ይቀዱ ነበር፤ ከ2011 ዲሴምበር ጀምሮ ከ800 በላይ የሚሆነውን በኢንተርኔት አወጡት፤ አንዱ 5 ዶላር፣ የፈለገ ከ1 እስከ 100 ይከፍላል። እናንተም ቅዱ። ግን ከሚክሰሩ ብቻ አትቅዱ፤ ትንሽ አዳራሽ ውስጥ የጊታር አምፕ ራሱ ስለሚጮህ ሳውንድማኑ ሚክሰር ላይ ዝቅ ያደርገዋል፤ ቅጂው ላይ ድምፃዊው ብቻ ይጮኻል። ከመድረኩ 10 ሜትር ላይ ሁለት ማይክ ተክላችሁ በሌላ ትራክ ያዙ። ድምፅ 10 ሜትሩን ለመድረስ 30 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ ስታቀላቅሉ የአዳራሹን ትራክ በዚያው ልክ ቀድሞ እንዲጀምር ሳቡት፤ ካልሳባችሁት ድራሙ ሁለት ጊዜ የተመታ ይመስላል።

ከአዳራሹ ሳትወጡ ደግሞ ጻፉበት። «ኮንሰርት 3» የሚል ፋይል ከዓመት በኋላ የማንም አይደለም። የእነሱ መዝገብ ላይ ያለውን ገልብጡ፦ ቀን፣ ከተማ፣ አዳራሽ፣ የቀዳው ሰው፣ የመጣው ሕዝብ ብዛት፣ በር ላይ የተከፈለው ዋጋ።