ጎተራ ውስጥ ያለ በቆሎ ለምን ይሞቃል?

ጥያቄ፦ በቆሎዬን ፈልፍዬ ጎተራ ካስገባሁት ሦስት ሳምንት ሆነው። ትናንት እጄን ወደ ውስጥ ብሰድ ትኩስ ነው። ላይ ላዩ ደግሞ ያላበው ይመስል ረጥቧል። ዝናብ አልገባበትም። ሙቀቱ ከየት መጣ?

መልስ፦ ሙቀቱ ከውጭ አልመጣም፤ ከዚያው ከጎተራው ነው። ፍሬው በሕይወት ስላለ ይተነፍሳል። ስኳር እሳት ውስጥ ቢገባ ባንዴ ቦግ ብሎ ይነዳል። በፍሬው ህዋሶች ያሉት ኢንዛይሞች (ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥኑ ፕሮቲኖች) ግን ስታርቹን ወደ ስኳር ይለውጡና፣ ስኳሩን ያለ እሳት፣ ደረጃ በደረጃ በኦክስጅን ያቃጥሉታል። ከዚሁ ስኳር (ከግሉኮስ) አንድ ሞለኪውል 6 የካርቦን ዳይኦክሳይድና 6 የውሃ ሞለኪውል ይወጣል። የቀረው ሙቀት ነው። ያዩት ላብ አንዱ ምንጭ ይኼ ውሃ ነው። ከውስጥ የሚነሳው ሞቃት እርጥብ አየርም ቀዝቃዛው የላይኛው ፍሬ ላይ ሲደርስ ጤዛ ይሆናል።

በደንብ የደረቀ ፍሬ ላይ ኢንዛይሞቹ ያንቀላፋሉ፤ ውሃ ሲያገኙ ይነቃሉ። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ደግሞ አተነፋፈሱ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ሙቀት ሙቀትን ይወልዳል ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር፣ እርጥብ ክምችት ውስጥ ከፍሬው ይልቅ ሻጋታው ነው ብዙ የሚተነፍሰው። ሻጋታ የራሱን ኢንዛይም ወደ ፍሬው ረጭቶ፣ ስታርቹን አሟሙቶ ይመጠዋል።

ስለዚህ ዛሬውኑ ያውጡት። ሸራ ላይ ስስ አድርገው ያስጡት፣ ቶሎ ቶሎም ያገላብጡት። ግቡ እርጥበቱን ወደ 13 በመቶ ማውረድ ነው። መለኪያ ከሌለዎት ደረቅ የመስታወት ጠርሙስ ሲሶውን በቆሎ ይሙሉ፣ ትንሽ ደረቅ ጨው ይጨምሩ፣ ከድነው በደንብ ይነቅንቁና 15 ደቂቃ ያስቀምጡት። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተጣበቀ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው። ካልተጣበቀም ወዲያው አያስገቡት፤ አንድ ሁለት ቀን ጸሐይ ይጨምሩለት።

አየር በማያስገባ ከረጢት ልክተተው ካሉ ከደረቀ በኋላ ብቻ ይሁን። እርጥቡ እዚያ ውስጥ ኦክስጅኑን ይጨርስና ወደ መቡካት ይሄዳል።

የሻገተውን ለይተው ያስወግዱ። «ለከብት ይሆናል» የሚባለውን አይስሙ፤ አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ በላም ወተት በኩል ወደ ሰው ይመለሳል፣ መቀቀልም አያጠፋውም። ለዘር ያሰቡት ካለ ደግሞ 100 ፍሬ እርጥብ ጨርቅ ላይ አብቅለው ይዩት። ሙቀቱ ጽንሱን ገድሎት ሊሆን ይችላል፤ ከላይ ሲያዩት ግን ምንም አይመስልም።