የአባትህን ሜዳይ ይዘህ ሂድ
ወንድሜ፣ «የሟቹን አባቴን የካራማራ ሜዳይ ይዤ ጅማ ያሉት የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር ብሄድ ይቀበሉኛል ወይ?» ብለሃል። እንዴታ! የጓድ ልጅ እዚያ እንግዳ አይደለም። ግን ሜዳዩን ብቻ አትያዝ። የደንብ ልብስ የለበሰበትን ፎቶም ጨምር፤ ጀርባው ላይ የክፍለ ጦሩ ስም ከተጻፈበት ደግሞ በጣም ጥሩ፣ ምክንያቱም እነሱ ሰው የሚያስታውሱት በክፍሉና ጦር ሜዳ በወጣለት ቅጽል ስም ነው። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ካራማራ ላይ የነበረ ሰው ካገኘህ አታቋርጠው፣ ቡናው በረካ እስኪደርስ ያውራ። በስልክህ ቅዳው። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ብዙዎቹ ባዶ እጃቸውን ነው አገራቸው የገቡት። የቀራቸው መጠያየቁ፣ መቀባበሩና ይሄ ትዝታ ነው። ዕድሜያቸው ገፍቷልና እባክህ በዚህ ሳምንት ሂድ።