መሰላሉ ለምን ይሸሻል?

ጥያቄ፦ የልስንና የቀለም ሥራ የምንሠራው በአጣና መሰላል ነው። ከታች ሲረግጡት የማይነቃነቀው ጫፉ ላይ ሲደርሱ ሊሾው ላይ ይንሸራተታል። አንድ ሰው ሥሩን ቢይዘው አይበቃም?
— ቀለም ቀቢ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ አይበቃም። የመሰላሉን እግር ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል የወጣው ሰው ከፍ ባለ ቁጥር ይጨምራል። ስለዚህ የመጀመሪያው መርገጫ ላይ ቆሞ መሞከር ምንም አያረጋግጥም። ልኩ አራት ለአንድ ነው፤ ጫፉ 4 ሜትር ላይ ካረፈ እግሩ ከግድግዳው 1 ሜትር ይራቅ።

ቀጥሎ ማሰር ነው፤ ሁለቱን ቋሚዎች እንጂ መርገጫውን አይደለም። አዲስ ልስን ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ማሰሪያ አይገኝም። ያኔ ከመስኮቱ ክፍተት የሚረዝም ጣውላ በውስጥ በኩል አጋድሙና መሰላሉን ከእሱ ጋር ወጥራችሁ እሰሩ። ሐይቁ ዳር በክረምት ችግሩ ሌላ ነው፤ እርጥቡ አፈር አንዱን እግር ብቻ ይውጥና መሰላሉ ወደ ጎን ይዞራል። ሁለቱንም እግሮች አንድ ሰፊ ጣውላ ላይ አሳርፉ፤ በውጭ በኩልም ማገጃ እንጨት ምቱ።

አጣናውስ? እርጥቡ ተቆርጦ ከተሠራ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ምስማሩ ይላላል፣ እንጨቱም ይሰነጠቃል። መርገጫው በምስማር ብቻ ከተያዘ ክብደታችሁን የተሸከመው ምስማሩ ነው። በየመርገጫዎቹ መካከል ቋሚው ላይ ቁራጭ እንጨት ምቱ፤ መርገጫው በቁራጩ አናት ላይ ይቀመጣል። ርቀቱ እኩል፣ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሁን። መሰላሉን ግን ቀለም አትቀቡት (ለቀለም ቀቢ ይህን ማለት ቢከብድም)፤ ስንጥቁን ይደብቃል።

ጥያቄ፦ የቀን ሠራተኛ ቢወድቅ አሠሪው «ራሱ ነው የወደቀው» ብሎ ከማሳከም ነፃ ይሆናል?
— ግንበኛ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ አይሆንም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ካልጎዳ በቀር አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። ሕክምናውን ይሸፍናል፤ ጉዳቱ ለጊዜው ከሥራ ካገደውም የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ በኋላ ያሉትን 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፍላል። ሥራውን በቁርጥ ለራሱ የተኮናተረ ሰው ጉዳይ ግን ይለያል።

አንገቱን ወይም ወገቡን ያመመውን ሰው ደግፋችሁ አታስነሡት። ራሱንና አንገቱን ሳታዞሩ፣ በሰፊ ሳንቃ ላይ አድርጋችሁ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ውሰዱት። ወጌሻ ጋ አይሂድ፤ ጠብቆ የታሰረ ስብራት ደም ይከለክልና እግር እስከማስቆረጥ ያደርሳል። የወደቀበትን ከፍታና ያዩትን ሰዎች ስም በዕለቱ ጻፉ። መሰላሉንም ፎቶ አንሡት፤ በማግስቱ ማገዶ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።