«ልጄ ከቤት ትውጣ?» እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ጥያቄ፦ የ19 ዓመት ልጄ ሴቶችን እንደምትወድ ነገረችኝ። አባቷ «ከቤቴ ትውጣ» ይላል። የጸሎት ጓደኞቼ አጋንንት እናስወጣላት እያሉኝ ነው። (እናት፣ ከሚኒያፖሊስ)

መልስ፦ እህቴ፣ አትውጣ። እኔ ጋብቻ የወንድና የሴት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይህ እምነት ግን ልጅን ጎዳና ላይ ለመጣል ፈቃድ አይሆነኝም። ጸሎቱን በተመለከተ፣ እዚያው አሜሪካ ኤክሶደስ ኢንተርናሽናል የሚባል ክርስቲያናዊ ድርጅት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ሰዎችን ከተመሳሳይ ፆታ ፍቅር ለማላቀቅ ሲሠራ ኖሮ በ2013 ተዘጋ። ፕሬዚዳንቱ አለን ቻምበርስ ካያቸው ሰዎች አብዛኞቹ ዝንባሌያቸው እንዳልተለወጠ ተናግሯል፤ የተጎዱትንም ይቅርታ ጠይቋል። ያንን ጉዳት በልጅዎ ላይ አይድገሙት። ዛሬም እንደወትሮው አብራችሁ ራት ብሉ። አባቷን ለብቻው ያነጋግሩት፤ ብዙ አባት ከልጁ ይልቅ የሚፈራው የሰው አፍ ነው። መሞት እንደምትፈልግ ከተናገረች ደግሞ ፓስተር አይጠብቁ፤ ወዲያው ወደ አሜሪካ የቀውስና ራስን ማጥፋት መከላከያ መስመር 988 ይደውሉ።

ጥያቄ፦ መካነ ኢየሱስ በዚህ ጉዳይ ከስዊድን ቤተ ክርስቲያን ጋር ኅብረቷን አቋርጣለች። ታዲያ «ርኅራኄ» የምትሉት ከየት መጣ? (ከነቀምቴ)

መልስ፦ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የስዊድን ቤተ ክርስቲያን ተመሳሳይ ፆታ ያላቸውን ለማጋባት ወሰነች፤ መካነ ኢየሱስም በ2005 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2013) ከእርሷና ከአሜሪካዋ ወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ተለየች። ያ የአብያተ ክርስቲያናት ውሳኔ ነው፤ አጠገባችን የሚቀመጠውን ወጣት ስደቡት አላለም። የአንግሊካን ጳጳሳት እ.ኤ.አ. በ1998 ላምቤዝ በተባለው ዓለም አቀፍ ጉባኤያቸው ላይ የተመሳሳይ ፆታ ድርጊትን ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር አይስማማም ሲሉ፣ እነዚህን ሰዎች ለመስማት ቃል የገቡት በዚያው ውሳኔ ውስጥ ነው። የመጀመሪያውን ክፍል በቃላችን ይዘን ሁለተኛውን መዝለላችን ያሳዝነኛል።

ጥያቄ፦ የሮም ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን ፈቅዳለች?

መልስ፦ አልፈቀደችም። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. የወጣው ሰነድ ካህን ከሥርዓተ ቅዳሴ ውጭ እንዲባርካቸው ብቻ ነው የፈቀደው፤ የጋብቻ ትምህርቱ አልተነካም። የአፍሪካ ጳጳሳት ጉባኤ ያንንም ቡራኬ አልተቀበለም።

ጥያቄ፦ የወጣቶች አገልጋይ ነኝ። አንድ ልጅ ወንድ ሆኖ ቢወለድም ውስጡ ሴት እንደሆነ በምስጢር ነገረኝ። ለሽማግሌዎች ልንገር? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ አትንገር። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 629 የሚቀጣው የተመሳሳይ ፆታ ድርጊትን ነው፤ ሰፈር ግን በወሬ ብቻ ይደበድባል። ያመነህ ልጅ ባንተ አፍ እንዳይጎዳ። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8ን እንደገና አንብብ። ጃንደረባ ወደ ጉባኤ እንዳይገባ ዘዳግም 23 ይከለክል ነበር፤ ፊልጶስ ግን ኢትዮጵያዊውን «የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» ብሎ ጠየቀው፣ ሲጋብዘውም ሰረገላው ላይ አብሮት ተቀመጠ፣ አጠመቀውም። ታሪኩ ያንተን ልጅ ጥያቄ ሁሉ ይመልሳል አልልም። አንተም አሁን መልስ ለመስጠት አትቸኩል፤ መጀመሪያ ቤት ውስጥ የሚመታው ሰው እንዳለ ጠይቀው።