አርባ በመቶውን አትደብቂው

ውድ እህቴ፣

በፌንተን ዘዴ፣ ማለትም በብረትና በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ ዳይክሎፌናክ የተባለውን መድኃኒት ከንጹሕ የቤተ ሙከራ ውሃ 98 በመቶ ማስወገድሽን፣ ከፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ በቀዳሽው ውሃ ግን ውጤቱ ወደ 40 በመቶ መውረዱን ጽፈሽልኛል። የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ አቅርበሽ ለመመረቅ፣ ከዚያም ሙያውን ለመተው አስበሻል። ይህን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ለ11 ዓመታት በማጣሪያ ጣቢያ ላቦራቶሪ ሠርቻለሁ። በንጹሕ ውሃ የተመሰገነ ዘዴ እውነተኛ ፍሳሽ ሲቀርብለት እጁን ሲሰጥ ደጋግሜ አይቻለሁ። የሚጎድለን ለምን እንደ ወደቀ የሚነግረን ሰው ነው። አንቺ የዚያ ጥያቄ ደጃፍ ላይ ቆመሽ ልትመለሺ ነው።

ብረቱና ፐርኦክሳይዱ ሲገናኙ የሚፈጠረው፣ መድኃኒቱን የሚያፈርሰው ሃይድሮክሲል ራዲካል ኃይለኛ ነው፤ ግን አይመርጥም። በሊትር በማይክሮግራም የሚለካው መድኃኒት በሚሊግራም በሚለካ ኦርጋኒክ ቁስ ተከብቧልና ራዲካሉ እሱ ዘንድ ሳይደርስ ያልቃል። ከሁሉ አስቀድመሽ ግን ብርጭቆሽን ተመልከቺ፤ ግርጌው ላይ የዝገት መልክ ያለው ዝቃጭ ተጠራቅሟል? ከሆነ የውሃው ባይካርቦኔት አሲድሽን በልቶታል፤ ፒኤቹ፣ ማለትም የአሲድነት መለኪያው፣ ዘዴው ከሚፈልገው 3 አካባቢ ወደ ላይ ሸሽቷል፤ ብረቱም ከሥራ ውጭ ሆኖ ዘቅጧል። የተረፈ ፐርኦክሳይድ የሲኦዲ ልኬትን፣ ማለትም በውሃው ያለውን ኦርጋኒክ ቁስ በኬሚካል ለማፍረስ የሚያስፈልገውን የኦክስጅን ልክ፣ ከፍ ስለሚያደርግ ከመለካትሽ በፊት አስወግጂው። 98 ያልሽውም ቢሆን ዳይክሎፌናኩ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ ማለት እንጂ ሁሉም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆነ ማለት አይደለም፤ ይህንንም ጻፊው።

አባትሽ «ፍሳሽ ገንዘብ አይሆንም» ብለው መድኃኒት አከፋፋይ ድርጅት እንድትቀጠሪ ይጫኑሻል። የመጀመሪያው ደመወዝ እንደሚያንስ አልክድም። በቀረው ግን ተሳስተዋል። ስዊዘርላንድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2016 ጀምሮ የተመረጡ ጣቢያዎች እንዲህ ያሉ ቅሪቶችን እንዲያስወግዱ በሕግ ታስገድዳለች። የአውሮፓ ኅብረትም በ2024 ባወጣው መመሪያ ከዚህ ተጨማሪ ማጣሪያ ወጪ ቢያንስ 80 በመቶውን የመድኃኒትና የመዋቢያ አምራቾች እንዲሸፍኑ ደንግጓል። በስዊዘርላንድ ጣቢያዎች የሚሠራባቸው ኦዞንና አክቲቬትድ ካርቦን (ቅሪቱን በላዩ የሚይዝ ከሰል) ስለሆኑ ከፌንተን ጎን እነሱንም ተማሪ።

ለዶክትሬቱ አትቸኩዪ፤ ሁለት ዓመት ጣቢያ ውስጥ ሥሪ።

ለአሁኑ ናሙናውን እንደገና ቅጂና ፒኤቹን በየ5 ደቂቃው መዝግቢ። ሁለቱንም ቁጥሮች በአንድ ሠንጠረዥ፣ ጎን ለጎን አስገቢያቸው።