መልስ፦ ኤንቪዲኤ የፓይተን ኢንደንት አያነብልኝም

ሰላም። ቪኤስ ኮድ (ኮድ መጻፊያ ፕሮግራም) ላይ በፓይተን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ስጽፍ «ኢንደንቴሽን ኤረር» (የመስመር መነሻ ክፍተት ስህተት) እየመጣብኝ ኤንቪዲኤ (ስክሪኑን በድምፅ የሚያነበው ፕሮግራም) ግን መስመሩ ስንት ስፔስ ገባ እንዳለ አይነግረኝም፣ ቅንፍም ይዘላል ላሉት፦ ምንም አልተበላሸም፤ ሁለቱም የሴቲንግ ጉዳይ ናቸው።

ኢንሰርት፣ ኮንትሮልና ዲን አንድ ላይ ይጫኑ። የዶክመንት ፎርማቲንግ ገጽ ሲከፈት በታብ ወርደው «ላይን ኢንደንቴሽን» ላይ ንግግርና ቶን (አጭር የድምፅ ምልክት) አብረው የሚሰሙበትን ምርጫ ይያዙ። ቶኑ በየስፔሱ እየቀጠነ ይሄዳል፤ ለአንድ ታብ የ4 ስፔስ ያህል ይዘላል። በየመስመሩ «4 ስፔስ፣ 8 ስፔስ» መስማት ስለሚያታክት ብዙዎች ኋላ ላይ ቶኑን ብቻ ያስቀራሉ። እዚህ ጋ ግን ወጥመድ አለ፦ በቶን ብቻ አንድ ታብና 4 ስፔስ አይለዩም፣ ፓይተን ደግሞ ሲደባለቁ አይምርም። ከኢንተርኔት የተገለበጠ ኮድ ከሆነ በኮንትሮል፣ ሺፍትና ፒ ኮማንድ ፓሌቱን (ትእዛዝ የሚጻፍበትን ሳጥን) ከፍተው «ኮንቨርት ኢንደንቴሽን ቱ ስፔስስ» ብለው ይጻፉና ኢንተር ይምቱ።

ቅንፉ የሚዘለው የፐንክቹዌሽን (የሥርዓተ ነጥብ ንባብ) ደረጃው «ሰም» (some፣ ጥቂቱን ብቻ) ላይ ስለሆነ ነው። ኢንሰርትና ፒን እየደጋገሙ «ኦል» (all፣ ሁሉንም) ላይ ያድርሱት። ኢሜይል ላይ ግን እያንዳንዷን ነጥብ መስማት ያሰለቻል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ቪኤስ ኮድ ውስጥ ሆነው በኢንሰርት፣ ኮንትሮልና ፒ ለዚያ ፕሮግራም ብቻ የሚሠራ ፕሮፋይል (የተለየ የሴቲንግ ስብስብ) ይፍጠሩ፣ ከዚያ ደረጃውን ይቀይሩ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ለውጡ ሁሉም ቦታ ይገባል።

ቪኤስ ኮድ ላይ የፓይተን ኤክስቴንሽኑ (ተጨማሪ ፕሮግራሙ) ከተጫነ ኤፍ8 በቀጥታ ስህተቱ ያለበት መስመር ላይ ያደርስዎታል።