ቤቱን ላስቀር ወይስ ልከራይ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁሌ አነባለሁ፤ አንድ ቀን ለራሴ እጽፋለሁ ብዬ ግን አላሰብኩም። ዕድሜዬ 38 ነው። የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። የ9 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። ከባለቤቴ ጋር ከተለያየን ስምንት ወር ሆነን፤ እሱ ወንድሙ ጋ ገባ፣ እኔና ልጄ ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቀረን። ፍቺውን ገና በፍርድ ቤት አልጨረስንም። ባለ ሁለት መኝታዋን በ2013 ዓ.ም. በ3.2 ሚሊዮን ብር ከሰው ላይ ነው የገዛናት። ግማሹ የባንክ ብድር ነው፤ 20 ዓመት የሚከፈል፣ በ16 በመቶ ወለድ። በየወሩ 22,260 ብር ይቆረጣል። የሚቆረጠው ከእሱ ሒሳብ ስለሆነ እኔ በየወሩ ጥሬ ብር አስገባለታለሁ፣ መልእክቱ እሱ ስልክ ላይ ይገባና ደውሎ “ተቆርጧል” ይለኛል። ካርታው በእሱ ስም ነው፣ ብድሩን ግን ሁለታችንም ፈርመናል። ከቅድሚያ ክፍያው 300,000 ብሩ ከአባቴ የወረስኩት ነው። ደመወዜ ተቆራርጦ 41,000 ይደርሰኛል። ደላላ ጠርቼ ሳስገምት 6.5 ሚሊዮን ታወጣለች፣ ብትከራይም 30,000 አታጣም አለኝ። ዕዳው 1.5 ሚሊዮን አካባቢ ይቀራል። እሱ አንድ ቀን “እንሽጥና እንካፈል” ይላል፣ ሌላ ቀን “እየከፈልሽ ኑሪበት፣ ያንቺው ነው”። እናቴ ቤት ይዞ መልቀቅ የለም ትላለች፣ እህቴ ተከራይተሽ ተገላገይ። እንቅልፍ አጣሁ።
የልደታዋ

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ስለ ወርሃዊ ክፍያው ብዙ ነግረሽኛል። ስለ እሱ ድርሻ ግን አንድም ቃል የለም። ነገሩ ያለው ደግሞ እዚያ ላይ ነው።

ቤቱን ማስቀረት ማለት 22,260ውን መክፈል አይደለም፤ የእሱን ግማሽ መግዛት ነው። ከ6.5 ሚሊዮኑ ዕዳውን ቀንሺ፣ 5 ሚሊዮን ይቀራል። ግማሹ 2.5 ሚሊዮን። ይህን ከባንክ ልበደር ብትዪ በዚያው ወለድና በዚያው 20 ዓመት በወር ወደ 34,800 ብር ይመጣል። ከነባሩ ጋር ሲደመር 57,000። ገና ሽሮ ሳይጣድ 16,000 ብር ጎደለሽ ማለት ነው።

ካርታው በእሱ ስም መሆኑ አያስደንግጥሽ። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ንብረት በአንዳችሁ ስም ቢመዘገብም የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል፤ ያለ አንቺ ስምምነትም ሊሸጠው አይችልም። የማይጥምሽን ደግሞ ልንገርሽ። ፍርድ ቤት ፍቺውን እስካልወሰነ ድረስ በሕግ ዓይን ባልና ሚስት ናችሁ፣ ደመወዝሽም የጋራ ገንዘብ ነው። ስለዚህ “ስምንት ወር ብቻዬን ከፈልኩ” የሚለው ሙግት አንቺ እንደምታስቢው አይከብድም። የአባትሽ 300,000 የተለየ ነው። ውርስ የግል ነው። ግን ቤቱ ውስጥ ገብቶ ቀልጧልና ፍርድ ቤት ጠይቀሽ የግልሽ ነው ካልተባለልሽ በቀር ከጋራው ተለይቶ አይወጣም። ብሩ ከየት ወደ የት እንደሄደ የሚያሳየውን የባንክ ወረቀት ከአሁኑ ፈልጊ፣ ይህችን ነገር ደግሞ ጠበቃ ሳታማክሪ አትጀምሪያት።

አሁን ወደ “ያንቺው ነው” እንምጣ። ደስ የሚል ቃል ነው፤ ስልክ ላይ የተባለ ቃል። አምስት ዓመት ከከፈልሽ በኋላ ሰውዬው ሌላ ትዳር ይዞ ወይ ዕዳ ገብቶ ግማሼን አምጪ ቢል ምን ታሳዪዋለሽ? በስምምነት የምትፋቱ ከሆነ የንብረቱን ነገር በጽሑፍ አስቀምጣችሁ ለፍርድ ቤት ታቀርባላችሁ፣ ፍርድ ቤቱም ያጸድቀዋል። ባንኩ ግን በእናንተ ስምምነት አይታሰርም። ሁለታችሁም ፈርማችኋል፣ ሁለታችሁንም ይጠይቃል። ክፍያው ከተቋረጠ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ፍርድ ቤት ሳይሄድ በሐራጅ መሸጥ ይችላል።

እንዲህም ሆኖ ልቤ ወደ እናትሽ ያደላል። በ2013 ያ 22,260 ብር ትከሻ የሚሰብር ነበር፣ ዛሬ ግን ያችው ቤት ብትከራይ ከዚያ በላይ ታወጣለች። አዲስ አበባ ውስጥ የቆየ ብድርን ኑሮ ውድነቱ ራሱ እየበላ ያቀልልሻል፣ ኪራይ ደግሞ በተቃራኒው ነው። (ወለዱን ባንኩ ሊያሻሽል ይችል እንደሆነ ውሉ ላይ እዪ፣ ደቃቃ ጽሑፉ ጋ ነው የሚገኘው።) እና እንዲህ በዪው፦ ግማሽህ አይጠፋም፣ ግን በአንድ ጊዜ አልችልም። ወይ በዓመታት ከፋፍዬ ልክፈልህ፣ ወይ ልጃችን 8ኛ ክፍል እስክትጨርስ ድርሻህ ይቀመጥና ያኔ እንሽጥ። በዚህ ከተስማማ አንድ መስመር እንዳይረሳ፤ ድርሻው የሚሰላው በዛሬ ዋጋ ነው ወይስ በሚከፈልበት ቀን ዋጋ? ሰው ሁሉ ይህን ይዘላል። ከዚያ ዋጋው እጥፍ ሲሆን ሽማግሌ ፍለጋ ይሮጣል። ለአንቺ የሚበጀው የዛሬው ነው፣ እሱ እሺ ባይል አልፈርድበትም፣ መሀል ላይ ተገናኙ። የልጅቷን ቀለብ ግን ከቤቱ ጋር አታቻችዪ። ቀለቡ የእሷ ነው።

እምቢ ካለስ? ሽጡት። ግን ራሳችሁ ሽጡት፣ እንዳትካረሩ። ካልተስማማችሁ ፍርድ ቤቱ በሐራጅ ያሸጠዋል፣ ሐራጅ ላይ የሚመጣው ደግሞ ቤት በርካሽ የለመደ ሰው ነው። 2.5 ሚሊዮኑን ስታገኚ ቁጠባ ሒሳብ ውስጥ አታስተኚው። ባንክ ለቁጠባ ከ7 በመቶ በታች እንዳይከፍል ተደንግጓል፣ ብዙውም ከዚያ ብዙ አይርቅም፣ ገበያው ደግሞ ሲሮጥ እያየሽው ነው። ብችል ኖሮ እኔ ወጣ ካለ ሰፈር ትንሽ ቤት ያለ ዕዳ ገዝቼ አከራይና እዚያው ልደታ ባለ አንድ መኝታ እከራይ ነበር፤ ልጅቷም ትምህርት ቤቷን አትቀይርም፣ አንቺም እድርሽ ውስጥ ትቆያለሽ።

ተከራይ መሆንም እንደ ድሮው አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር አይበልጥም፣ ውሉም ወረዳ ይመዘገባል። የስድስት ወር ካላመጣሽ የሚል አከራይ ካጋጠመሽ ምላሽሽን አውቀሽ ሂጂ። ይኸው ሕግ ወዲህም ይሠራል፤ ልደታዋን ለሰው አከራይቼ እናቴ ጋ ልግባ ካልሽ ለሁለት ዓመት መመለሻ የለሽም።

አንድ ነገር አሳቀኝ። የሒሳብ ባለሙያ ሆነሽ “1.5 ሚሊዮን አካባቢ” አልሽ። ባንክ ሂጂና ቀሪ ዕዳውን በደብዳቤ ጠይቂ፣ መልእክቱም በአንቺ ስልክ ጭምር እንዲገባ አመልክቺ፣ ተበዳሪ ነሽና። ከዚህ ወር ጀምሮም ጥሬ ብር ይዘሽ አትሂጂ። ከራስሽ ሒሳብ ወደ እሱ አስተላልፊ፣ ምክንያት የሚለው ቦታ ላይም “የቤት ብድር” ብለሽ ከነወሩ ጻፊበት።